ደም ሲቋረጥ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ማን ያዛቸዋል?

«ግፊት የለብኝም፤ ታዲያ የግፊት መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?»

ልባቸውን የሚታከሙ ሰዎች መድኃኒት ቤት ደርሰው ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄም ነው። የተለካው ግፊታቸው 110 በ70 ነው። የተሰጣቸው ክኒን ግን ጎረቤታቸው ለግፊት የሚውጡት ኢናላፕሪል ነው። አንዳንዱ «ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል» ይላል። አንዳንዱ ማንንም ሳያማክር ያቆመዋል። አደገኛው ይሄኛው ነው።

መልሱን ለማግኘት በዓይን እስከማይታዩት የደም ሥሮች ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። የደም ፍሰት ሲጓደል እነዚህ ሥሮች ከሆርሞኖች ትእዛዝ ይቀበላሉ። ትእዛዙ ለቁስልና ለመድማት ግሩም ነው። ችግሩ ሰውነት ሌላ ትእዛዝ አለማወቁ ነው። ደም ወደ ውጭ ሳይፈስ፣ እዚያው ውስጥ መንገድ ተዘግቶበት ሲቀርም የሚወጣው ያው ትእዛዝ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንንሽ የደም ሥሮች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ነርስ ክንዳችሁን አስራ ደም የምትቀዳበት ሥር ትልቅ ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለሱ አይደለም።

ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከዚያ ይከፋፈላል፤ ቅርንጫፎቹም እንደገና ይከፋፈላሉ። መጨረሻ ላይ ካፒላሪ የሚባሉት ቀጫጭን ሥሮች ይመጣሉ። የካፒላሪ ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ቢከፈል አንዱ ክፋይ ማይክሮ ሜትር ይባላል። ቀይ የደም ሕዋስ ራሷ ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ትሰፋለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምታልፈው ተጣጥፋና ተራ ይዛ ነው። ኦክስጅንና ምግብ ከደም ወጥተው ወደ ሕዋሶች የሚገቡት በዋናነት እዚህ ነው። ትልልቆቹ ሥሮች ሥራቸው ማመላለስ ነው።

ከካፒላሪዎቹ ቀድመው ያሉት ትንንሽ ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ላይ ጡንቻ አላቸው። ጡንቻው ሲኮማተር ሥሩ ይጠባል፤ ሲላላ ይሰፋል። ቀላል ነገር ይመስላል። ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። የአንድ ቧንቧ ውስጣዊ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ብቻ አይቀንስም። ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። ሥሩ ጥቂት ሲጠብ ብዙ ደም ይቀራል። ጥቂት ሲሰፋም ብዙ ያልፋል። ለዚህ ነው ሰውነት ደምን የሚያከፋፍለው በነዚህ ትንንሽ ሥሮች እንጂ በትልልቆቹ ያልሆነው።

የደም ሥሮችን ከውስጥ የሚሸፍነው ነገር የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ለረጅም ጊዜ ሥራ እንደሌለው ተቆጥሮ ነበር። በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት ይህ ሽፋን ከተፋቀ፣ የደም ሥር «ስፋ» ተብሎ ሲታዘዝም መስፋት እንደሚያቅተው አሳዩ። ሽፋኑ የሚያመነጨው አስፊ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ያው ሽፋን ተቃራኒውንም ያመነጫል። በ1988 ጃፓን ውስጥ የተገኘው ኢንዶቴሊን የደም ሥርን በኃይል ያጠባል።

ሆርሞን እዚህ ምን አገባው?

«ሆርሞን» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ብጉር፣ የወር አበባና የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች ግን ብዙ ናቸው። አንድ ዕጢ ወይም አካል ሠርቶ ወደ ደም ይለቃቸዋል፤ ሌላ ቦታ ሄደው ሥራ ያሠራሉ። ደም ሁሉም ጋ ቢደርስም ትእዛዙን የሚሰማው ለዚያ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው።

አድሬናሊንን እንውሰድ። ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ያመነጩታል። ስንደነግጥ፣ ስንናደድ፣ ስንደማ ይለቀቃል። የቆዳንና የአንጀትን ትንንሽ ደም ቅዳዎች ያጠባል። የእጅና የእግር ጡንቻዎች ውስጥ ያሉትን ግን ሊያሰፋ ይችላል። አንድ ሆርሞን እንዴት ሁለት ተቃራኒ ነገር ያዛል? በ1948 ሬይመንድ አልኲስት መልስ አቀረቡ። ተቀባዮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አልፋና ቤታ። አልፋው ሥሩን ያጠባል። ቤታው በጡንቻ ውስጥ ሥሩን ያሰፋል፣ ልብን ደግሞ ያስሮጣል። ሆርሞኑ በጣም ሲበዛ አልፋው ያመዝናል።

ይህን ሳታውቁት ቀምሳችሁት ይሆናል። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ትንሽ አድሬናሊን ይጨመርበታል። አድሬናሊኑ በአካባቢው ያሉትን ትንንሽ ሥሮች ያጠባል። ደሙ ይቀንሳል፤ ማደንዘዣውም በደም ተወስዶ ቶሎ ስለማይጠፋ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። መርፌው እንደተወጋ ልባችሁ ድው ድው ካለ፣ ያ ፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ጫትም እዚህ ይገባል። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከነርቭ ጫፎች ላይ የአድሬናሊንን የቅርብ ዘመድ፣ ኖርአድሬናሊንን፣ ያስለቅቃል። ግፊት ከፍ የሚለውና ልብ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። የመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ከሃርት አታክ ጋር አያይዞታል። የልብ ሥሩ ቀድሞ የጠበበበት ሰው ይህን በቁም ነገር ሊወስደው ይገባል።

ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው ሰውነት ምን ያደርጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ሲያንስ ለሁሉም እኩል ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ የአንዳንድ ሰፈር መስመር ይዘጋና ግፊቱ መቋረጥ ለሌለባቸው ቦታዎች ይጠበቃል። ደም ሲያንስም ሰውነት ቆዳን፣ አንጀትንና ኩላሊትን ፈረቃ ያስገባቸዋል። ልብና አንጎል ቅድሚያ ያገኛሉ።

መስመር የሚዘጋው በሆርሞንና በነርቭ ትእዛዝ ነው። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳሉ። ቆዳ የሚገረጣው፣ እጅ የሚቀዘቅዘው፣ ላብ የሚያጠምቀው ያን ጊዜ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ግፊቱ ደህና ሆኖ እጁ በረዶ ከሆነ ሐኪም የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ግፊቱ የቆመው ሥሮቹ ስለጠበቡ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኩላሊት ይመጣል። ኩላሊት ትንሽ ብትሆንም ሰው ሲያርፍ ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉን የምታገኘው ከጓደኛዋ ጋር ሆና ነው። የሚደርሳት ደም ሲቀንስ ሬኒን የሚባል ነገር ትለቃለች። ከሬኒን ተነሥቶ በደም ውስጥ በተከታታይ ደረጃዎች አንጂዮቴንሲን 2 ይሠራል። አንጂዮቴንሲን 2 ከምናውቃቸው ኃይለኛ የሥር አጥባቢዎች አንዱ ነው። በዚያ ላይ አልዶስቴሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን እንዲመነጭ ያዛል። አልዶስቴሮን ደግሞ ጨውና ውሃ በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚለቀቀው ቫሶፕሬሲንም ውሃ ያስቀራል፣ ሥሮችንም ያጠባል። ሽንት ይቀንሳል፤ ጥም ይመጣል።

ለአንድ የተወጋ ወይም የወደቀ ሰው ይህ ሁሉ ሕይወት አድን ነው። እርዳታ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛለታል። ፈረቃው ሲራዘም ግን የተዘጉት ሰፈሮች ራሳቸው ይጎዳሉ። ኩላሊት ሥራ ያቆማል፤ የአንጀት ግድግዳ መቁሰል ይጀምራል።

ሰውነት የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

በ1934 አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ጎልድብላት የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ በከፊል ጠበብ አደረጉ። ውሾቹ አልደሙም። የጎደላቸው ደም የለም። ግፊታቸው ግን ወጣ፤ እንደወጣም ቀረ። ኩላሊቷ የምታውቀው የሚደርሳት ደም መቀነሱን ብቻ ነው። ሰውየው ደምቶ ይሁን መንገዱ ጠብቦ፣ መለየት አትችልም። ስለዚህ ለደማ ሰው የምታወጣውን ትእዛዝ ታወጣለች።

ልብ ላይም ይኸው ይደርሳል። ሃርት አታክ ማለት ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ልብ ሲዳከም የሚረጨው ደም ያንሳል። ሰውነት ይህን እንደ መድማት ያነበዋል። አድሬናሊን ይጎርፋል። የደከመው ልብ በፍጥነት እንዲመታ ይታዘዛል፤ ፍጥነት ደግሞ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑ የለም። አንጂዮቴንሲን የመላ አካሉን ትንንሽ ሥሮች ያጠባል። ልብ ያን ሁሉ ተቃውሞ አሸንፎ መግፋት አለበት። አልዶስቴሮን ውሃ ያጠራቅማል። ውሃው ሳንባ ውስጥና እግር ላይ ይወርዳል።

በቀናት የሚያልቅ ቢሆን ምንም አልነበረም። ልቡ የተጎዳ ሰው ላይ ግን ትእዛዙ ለወራትና ለዓመታት ይቀጥላል። አንጂዮቴንሲንና አልዶስቴሮን በዚያን ያህል ጊዜ ልብ ውስጥ ጠባሳ ያበዛሉ። የትንንሽ ሥሮችን ግድግዳም ያወፍራሉ።

ታዲያ ግፊት የሌለበት ሰው ለምን ኢናላፕሪል ይወስዳል?

አሁን መልሱ ቀላል ነው። ክኒኑ የተሰጠው ትእዛዙን እንዲያለዝብ ነው። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይሠራ ያግዳል። ሥሮቹ ይላላሉ፤ ልብ የሚገፋው ጭነት ይቀንሳል። በ1987 ይፋ የሆነ ጥናት 253 ጽኑ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ተከታተለ። የይስሙላ (መድኃኒት የሌለበት) ክኒን ከወሰዱት ውስጥ በ6 ወር 44 በመቶዎቹ ሞቱ። ኢናላፕሪል ከወሰዱት ውስጥ የሞቱት 26 በመቶ ነበሩ። በሕክምና ታሪክ ይህን ያህል ልዩነት በየቀኑ አይታይም።

ሁለተኛው የመድኃኒት ቡድን ቤታ ብሎከር ይባላል። ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ከዚህ ይመደባሉ። አድሬናሊን ቤታ ተቀባዮችን እንዳያገኛቸው ይሸፍኑበታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ለደከመ ልብ መስጠት ሲጀምሩ ሌላው ዓለም እንደ እብደት ነበር ያየው። የደከመን ልብ የሚያፈጥነውን ሆርሞን እንዴት ትነጥቁታላችሁ ነው ነገሩ። በ1999 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሞትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዓመት አልዶስቴሮንን የሚከላከለው ስፓይሮኖላክቶን ላይ የተሠራ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። በ1,663 ሕመምተኞች ላይ ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ።

ሦስቱም መድኃኒቶች የሚሠሩት ልብን በማበርታት አይደለም። ሆርሞኖቹ የማያቋርጠውን ትእዛዛቸውን እንዲያቀዘቅዙ በማድረግ ነው። «ግፊቴ ደህና ነው፣ ልተወው» የሚለው ሰው የሚተወው ይህንን ጥበቃ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ሌላው ዳይክሎፌናክ ነው። እዚህ አገር ለወገብም ለጉልበትም ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ ይገዛል። የኩላሊት ትንንሽ ሥሮች የመጥበቢያ ትእዛዝ ሲበዛባቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባል የአካባቢ መልእክተኛ ከፍቶ ያቆያቸዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህን መልእክተኛ ያጠፉታል። ኢናላፕሪልና የሽንት ክኒን የሚወስድ ሰው እነዚህን ከደረበባቸው፣ በተለይ ተቅማጥ ይዞት ውሃ ከጎደለው፣ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ለሕመም ማስታገሻ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይሻላል።

የተዘጋው ሥር ከተከፈተ ነገሩ አበቃ ማለት ነው?

ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያስበው። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ያስቡ ነበር። ወደ ውሃው ልመልሳችሁ። ለቀናት ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ምን ዓይነት ነው? ቧንቧው ይንጫጫል፣ አየር ይተፋል፣ ዝገት የያዘ ድፍርስ ይወርዳል። ደምም ተቋርጦ ሲመለስ በሰላም አይመለስም።

ኦክስጅን በተራቡ ሕዋሶች ውስጥ ድንገት ሲገባ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች በብዛት ይፈጠራሉ። እነዚህ ናይትሪክ ኦክሳይድን ያጠፉታል። ማለትም ሥሩን የሚያሰፋው ነገር በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል። አጥባቢዎቹ ግን አሉ። ኢንዶቴሊን ይጨምራል፤ አድሬናሊንና አንጂዮቴንሲንም ገና ከደም አልወጡም። የካፒላሪዎቹ ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል። ነጭ የደም ሕዋሶች ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። ቀድሞውንም ቀይ ሕዋስ ተጣጥፋ ታልፍበት የነበረ መንገድ ጨርሶ ይደፈናል።

በ1974 ሮበርት ክሎነርና ባልደረቦቻቸው ይህን በውሾች ልብ ላይ አሳይተዋል። ሥሩ ለ40 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ደሙ ወደ ጡንቻው በደንብ ተመለሰ። ለ90 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ትልቁ ሥር ክፍት ሆኖ ሳለ የጡንቻው ውስጠኛ ክፍል ደም አላገኘም። ካፒላሪዎቹ ተደፍነው ነበር። አንጎልም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ካፒላሪዎችን ከውጭ የሚያቅፉ ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሶች አሉ። ደም ሲቋረጥ ይኮማተራሉ፤ እንደተኮማተሩም ሊሞቱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ካፒላሪዋ ታንቃ ትቀራለች።

ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ሲጠረጠር «ነገ እንይህ» የማይባለው ለዚህም ጭምር ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ትልቁ ሥር ላይ ብቻ አይደለም። ዘግይቶ የተከፈተ ሥር ደሙን የሚያደርሰው ወደ ተዘጋ ሰፈር ነው።

የሴቶች ሆርሞን ይጠብቃል የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። ኤስትሮጅን የደም ሥሮች ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ በብዛት እንዲሠራ ያደርጋል። በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የአንጎል ደም ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ የሴቶቹ ጉዳት ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንቁልጢያቸው ሲወጣ ብልጫው ጠፍቷል። ሴቶችም በአማካይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃርት አታክ የሚይዛቸው ከወንዶች ዓመታት ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የወር አበባ ለቆመባቸው ሴቶች ሆርሞኑን እንስጣቸው» ተባለ። ሐሳቡ ያማልላል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ 16,608 ሴቶች ላይ ተሞከረ። በሐምሌ 2002 ሙከራው ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባለውን ሌላ የሴቶች ሆርሞን ዓይነት አብረው በወሰዱት ላይ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የደም መርጋትና የጡት ካንሰር ጨምሮ ነበር። ኤስትሮጅን ደም የማርጋት ባሕርይንም ይጨምራል፤ ያረጀና ስብ የያዘ የደም ሥር ላይ ሲደርስ ደግሞ የወጣት ሥር ላይ እንደሚሠራው አይሠራም። ዛሬ ሆርሞኑ የሚሰጠው በዋናነት እንደ ሙቀትና ላብ ላሉ ከባድ ምልክቶች ነው። ልብን ለመጠበቅ ተብሎ አይታዘዝም።

በነገራችን ላይ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንም ለሁሉም ሴት አይሆንም። ከፍተኛ ግፊት ላለባት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ ሴት ሌላ ዓይነት ይመረጣል። በክንድ የሚቀበረውና የሦስት ወሩ መርፌ ኤስትሮጅን የላቸውም።

ኤስትሮጅን ሲቀንስ ሥሮች ለአድሬናሊን ይበልጥ ሳይጋለጡ እንደማይቀር የሚጠቁም አንድ እንግዳ ሕመም አለ። ታኮትሱቦ ይባላል። በ1990 ጃፓን ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገለጸው። ከባድ መርዶ የሰማች ሴት ደረቷን ያማታል፣ ልቧ ይደክማል። ምርመራው ሃርት አታክ ይመስላል። ትልልቆቹ የልብ ሥሮች ሲታዩ ግን የረጋ ደም አልዘጋቸውም። ከሚያዙት ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የወር አበባቸው የቆመ። በአንድ ጥናት ደማቸው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ከተራ የሃርት አታክ ሕመምተኞች እንኳ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የልብ ትንንሽ ሥሮች መጨማደድ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ይታሰባል። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። ለቅሶ ቤት ደረቷን ይዛ የወደቀችን እናት «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» ብሎ ማስተኛት ግን ትክክል አይደለም። ሃርት አታክ ይሁን ይህ፣ ያለ ምርመራ አይለይም።

ወሊድ ላይስ?

እዚህ ላይ ሰውነት ደምን ሆን ብሎ ያቋርጣል፤ ያውም በሆርሞን። ልጅ ሊወለድ ሲል በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ወደ ማሕፀን ይፈስሳል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ደም የሚሄድባቸው ሥሮች አፋቸው ክፍት ይቀራል። የማሕፀን ጡንቻ በሥሮቹ መካከል እየተጠላለፈ ነው የተሠራው። ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ጡንቻውን ሲያኮማትረው ሥሮቹ ተጨምቀው ይዘጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለምትወልድ ሴት ሁሉ ከወሊድ በኋላ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ይህ ራሱ ፈተና ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒን ይተካዋል።

ማሕፀኑ ሳይጨመቅ ሲቀርና ብዙ ደም ሲፈስ የምትጎዳ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን ፒቱታሪን ያሳድጋታል፤ ለወተት እንድትዘጋጅ። የምታገኘው ደም ግን በዚያው ልክ አያድግም። የፊተኛው ክፍሏ ደም የሚያገኘው ደግሞ ግፊታቸው ዝቅተኛ በሆኑ ቀጫጭን ሥሮች ነው። ግፊት ሲወርድ ከሁሉ ቀድማ የምትራበው እሷ ትሆናለች። በ1937 ሃሮልድ ሺሃን የገለጹት ሕመም ይህ ነው፤ በስማቸውም ይጠራል።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ሴትየዋ በወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት ተርፋለች። ጡቷ ወተት አላመጣም። የወር አበባዋ አልተመለሰም። የብብት ፀጉሯ ረግፏል። ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ግፊቷ ዝቅ ይላል። ቤተሰብ «ደም ማነስ ነው» ወይም «አራስ ቤት ብርድ መቷት ነው» ሊል ይችላል። የብረት ክኒን ብቻ ይህን አይፈታውም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የኮርቲሶል መጥፋት ነው። ኮርቲሶል ትንንሽ የደም ሥሮች አድሬናሊንን መስማት እንዲችሉ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ከሌለ አድሬናሊኑ ቢጮህም ሥሩ አይጠብም። ወባ ወይም የሳንባ ምች ሌላውን ሰው አልጋ ላይ በሚያውልበት ጊዜ እሷን ራስዋን ሊያስታት ይችላል። ግፊቷ ይወድቃል፤ ጉሉኮስ ብቻ ቢሰጣት አይነሣም።

ከታወቀ ግን ሕክምናው ያለ ነው። የደም ምርመራ የሆርሞኖቹን መጠን ያሳያል። ሃይድሮኮርቲሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ የታይሮይድ ሆርሞንም ይታከላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኮርቲሶሉ ሳይተካ ታይሮይዱ ከተሰጠ ሕመምተኛዋን ሊጥላት ይችላል። ክኒኖቹ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ትኩሳት ሲይዛት የኮርቲሶሉ መጠን ከፍ እንዲል ሐኪሟ አስቀድሞ ይነግራታል። ስለዚህ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት፣ ዓመታት አልፈውም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ያንን ወሊድ ሳትጠየቅ ብትናገር ጥሩ ነው።